የቀትርን ፀሐይ ለማታ ምጣድ ስለ ማቆየት

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



ለዛሬው ስብሰባ የያዝነው ርእስ ሲሰሙት የላቦራቶሪ ብቻ ይመስላል። ሲቀልጥ ሙቀት የሚያጠራቅም፣ ሲረጋ ደግሞ ያንኑ የሚመልስ ነገር አለ፤ እኛ የዚህን ነገር ጠባይ በሒሳብ አምሳያ ለመመርመር ተነሣን። ይሁን እንጂ ጥናቱን የጀመርነው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጓዳ ነው። ከመካከላችን የውጫሌ ልጆች አሉ። ከደሴ ወደ ወልድያ በአውራ ጎዳናው የሄደ ሁሉ ሐይቅን ካለፈ በኋላ ውጫሌን ያገኛታል፤ የአምባሰል ወረዳ መቀመጫ ናት። በከተማይቱ ዙሪያ ባሉት የገጠር ቤቶች እንጀራ የሚጋገረው ዛሬም አብዛኛውን ጊዜ በእንጨት፣ በጭራሮና በኩበት ነው። ጭራሮውን የሚለቅሙት ደግሞ እናቶቻችንና እኅቶቻችን ናቸው። በበጋው ወራት ፀሐይ ግቢውን ቀኑን ሙሉ ስታነደው ትውላለች፤ ምጣዱ የሚጣደው ግን ማለዳ ወይም ሲመሽ ነው። ሙቀቱና ሥራው በሰዓት አልተገናኙም።

እንግዲህ ጥያቄያችን አጭር ነው። የቀትሩን ሙቀት እስከ ምሽት የሚያቆይ ዕቃ ከምጣድ ሥር ቢቀመጥ ለአንድ ቤተ ሰብ የሚበቃ 30 እንጀራ ይጋገርበታል ወይስ አይጋገርበትም? መልሱን በብረትና በገንዘብ ከመፈለጋችን በፊት በወረቀት ላይ ፈለግነው። ወረቀት ርካሽ ነው፤ ያልተሳካ ምጣድ ግን የድሀ ቤት ገንዘብ ይበላል።

የፊዚክስ ተማሪ ያልሆናችሁ እንዳትሰለቹ ከምታውቁት ነገር እንነሣ። በክረምት የወረደውን የበረዶ ጠጠር በሳህን አድርጋችሁ ከምድጃ ዳር ብታስቀምጡትና ብታማስሉት፣ በረዶው ቀልጦ እስኪያልቅ ድረስ ውሃው ከዜሮ ዲግሪ ብዙም ፈቀቅ አይልም። እሳቱ ሙቀት መስጠቱን አላቋረጠም፤ ነገር ግን ሙቀቱ ቴርሞሜትሩን ከፍ ማድረጉን ትቶ በረዶውን በማቅለጥ ሥራ ላይ ውሏል። ስኮትላንዳዊው ምሁር ጆሴፍ ብላክ ይህን ነገር እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹ ዓመታት መርምሮ «ድብቅ ሙቀት» የሚል ስም አወጣለት። አንድ ኪሎ በረዶ ለማቅለጥ 334 ኪሎ ጁል ያስፈልጋል። ይኸው ሙቀት አንድ ኪሎ ውሃ ከዜሮ ወደ 80 ዲግሪ ሊያደርስ ይችል ነበር። ውሃው ተመልሶ በረዶ ሲሆን ደግሞ የወሰደውን ሳያጎድል ይመልሳል።

ጧፍ የሠራ ሰው ይህንኑ በሰም ያውቀዋል፤ የንብ ሰም በ63 ዲግሪ ገደማ ሲቀልጥ ሙቀት ይጠጣል፣ ሲረጋ ይተፋል። ሰምና ወርቅ የቅኔ ብቻ አይደለም ለማለት ይቃጣናል፤ ሰሙ ቴርሞሜትሩ የሚያሳየው ቁጥር ሲሆን ወርቁ በውስጥ የተሰወረው ሙቀት ነው። ቴርሞሜትሩን ብቻ የሚያይ ተማሪ ሰሙን ይዞ ይቀራል።

ለምጣድ ግን ሰምም ቅቤም አይሆኑም። እንጀራ ዓይን አውጥቶ እንዲበስል የምጣዱ ፊት ከ180 እስከ 220 ዲግሪ መጋል አለበት፤ ስለዚህ ከሥሩ የሚቀመጠው ነገር የሚቀልጠው በዚያው አካባቢ ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ መሆን አለበት። ከአፋር በግመል ይመጣ የነበረው አሞሌ፣ ማለት የገበታ ጨው፣ የሚቀልጠው በ801 ዲግሪ ስለ ሆነ ለኛ ሩቅ ነው። የሚስማማው ሌላ ዓይነት ጨው ነው፤ ከ100 እጅ 60 እጅ ሶዲየም ናይትሬት፣ 40 እጅ ፖታሲየም ናይትሬት ሲቀላቀል በ220 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ትልልቅ የፀሐይ ኤሌክትሪክ ጣቢያዎች ሌሊት የሚሠሩበትን ሙቀት የሚያከማቹት በዚህ ቅልቅል ነው። እነርሱ ግን ሁልጊዜ ቀልጦ እንዲኖር ያደርጉታል እንጂ እንዲረጋ አይፈቅዱለትም። እኛ የምንፈልገው ሲረጋ የሚለቀውን ሙቀት ነው፤ መከራው ያለውም እዚያው ላይ መሆኑን ቆየት ብላችሁ ታያላችሁ።

ነገሩን የፈጠርነው እኛ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ1948 የሃንጋሪ ተወላጅ የሆነችው ሳይንቲስት ማሪያ ቴልከሽ በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ፣ ዶቨር በተባለ ቦታ፣ በፀሐይ ብቻ የሚሞቅ ቤት አሠርታ ነበር። ሙቀቱን የምታጠራቅመው ግላውበር በሚባለው ጨው ነው፤ ይህ ጨው በ32 ዲግሪ ይቀልጣል። ቤቱ ጥቂት የብርድ ወራትን ካሳለፈ በኋላ ጨው ከውሃው እየተለየ ወደ ታች ዘቀጠ፤ እንደ ፊተኛውም መርጋት ተሳነው። ሒሳቡ የሙቀቱን ብዛት በትክክል ቆጥሮ ነበር። የጨውን ጠባይ ግን አልቆጠረም።

በአገራችንም ሥራው ተጀምሯል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አብዱልቃድር አማንና ደምስ ዓለሙ በፀሐይ የጋለ ዘይት ቤት ውስጥ ወዳለ ምጣድ እየወሰደ የሚያግል መሣሪያ ሠርተው ሞክረዋል። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው አስፋፋው ኃይለሥላሴ ደግሞ በኖርዌይ፣ ትሮንድሃይም፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የዶክትሬት ማዕርግ ያገኙበትን ጥናት የሠሩት በቀላጭ ጨው ሙቀት አጠራቅሞ በፀሐይ በማብሰል ላይ ነው፤ እንጀራም አንዱ ዋና ጉዳያቸው ነበር። በሰፊ ጎድጓዳ መስተዋት የተሰበሰበው ፀሐይ እንፋሎት ይፈጥራል፤ እንፋሎቱ ሄዶ የናይትሬቱን ጨው ያቀልጣል። እኛ ከነዚህ ሥራዎች ተምረን፣ ጥያቄውን ለአንዲት ከተማና ለአንድ ጓዳ አጥብበን አሰብነው።

መጀመሪያ የአንድ እንጀራ ሒሳብ። 450 ግራም ሊጥ ምጣዱ ላይ ፈሰሰ እንበል። ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ ወደ 93 ዲግሪ ይደርሳል (በኛ ከፍታ ውሃ ከመቶ በታች እንደሚፈላ አትርሱ)፤ ለዚህ ወደ 120 ኪሎ ጁል ይፈጃል። ከዚያም ከሊጡ 100 ግራም ያህል ውሃ በእንፋሎት ይሄዳል፤ ለዚህ ደግሞ 226 ኪሎ ጁል። በጠቅላላው ለአንድ እንጀራ 350 ኪሎ ጁል ይዘናል። አብዛኛውን ድርሻ የሚበላው የሚተነው ውሃ መሆኑን ልብ በሉ። እናቶች አክንባሎውን ሲያነሡ ፊታቸውን የሚገርፈው ጉም የማገዶው ትልቁ ክፍል ነው።

ለ30 እንጀራ 10,500 ኪሎ ጁል ይሆናል። ናይትሬቱ ሲረጋ በኪሎ 100 ኪሎ ጁል ገደማ ስለሚለቅ፣ የሚባክነውን ለጊዜው ትተን ብንቆጥር 105 ኪሎ ጨው ይበቃል። ይህም ከ50 ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ስፍራ ቢይዝ ነው፤ ከምጣድ ሥር ይገባል። ያንኑ ሙቀት በድንጋይ እናስቀምጥ ብንል፣ ድንጋዩን ከ220 እስከ 260 ዲግሪ ብናግለው ከ300 ኪሎ በላይ ድንጋይ መሸከም ይኖርብናል። እስከዚህ ድረስ ጨዉ የሚያስመሰግን ነው። እኛም እዚህ ላይ ስንደርስ ደስ ብሎን ነበር፤ ብዙ ጽሑፍም የሚቆመው እዚሁ ላይ ነው።

ዳሩ ግን እንጀራ የሚጋገረው በሙቀት ብዛት ብቻ አይደለም፤ በሙቀት ፍጥነትም ጭምር ነው። አንድ እንጀራ በ3 ደቂቃ እንዲወጣ ከተፈለገ ምጣዱ በየሰከንዱ 2 ኪሎ ጁል ገደማ መስጠት አለበት። ሲዘገይ እንጀራው ይደርቃል እንጂ አይበስልም፤ ዓይንም አያወጣም። ይህን እኛ ከምንነግራችሁ ይልቅ እርጥብ ማገዶ የገጠማትን እናት ጠይቋት።

እዚህ ላይ የሒሳቡ ሊቅ ይመጣል። ዮሴፍ ሽቴፋን የቪየና ፕሮፌሰር ነበር። የዋልታ ባሕር ላይ በረዶው በየቀኑ ምን ያህል እንደሚወፍር በሒሳብ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1889 ነው። ዓመቱ ለውጫሌ ልጅ እንግዳ አይደለም፤ ከውጫሌ አጠገብ ይስማ ንጉሥ ላይ ዳግማዊ ምኒልክና የኢጣልያው አንቶኔሊ ውሉን የተፈራረሙት ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም በፈረንጅ ያው 1889 ነው። የዚያ ውል አንቀጽ 17 አማርኛው «ይቻላቸዋል» ሲል ጣልያንኛው ግዴታ አድርጎት እንደ ነበር ሁላችንም በታሪክ ክፍል ተምረናል። አንድ ግሥ ምን ያህል እንደሚያስከፍል እንደ አምባሰል ሰው የሚያውቅ የለም። በኛ ሒሳብም ውስጥ ሁለት ግሦች ተደባልቀው ነበር፤ ጨው ሙቀት «ይዟል» ማለትና ጨው ሙቀት «ይሰጣል» ማለት።

የሽቴፋን ሐሳብ እንዲህ ነው። ባሕሩ የሚረጋው ከላይ ነው፤ ብርዱ ያለው እዚያ ነውና። የረጋው በረዶ በውሃውና በብርዱ መካከል እንደ ብርድ ልብስ ይጋረዳል። በወፈረ መጠን ከሥር ያለው ውሃ ሙቀቱን ለማውጣት ይቸገራል፤ ስለዚህ በረዶው እየወፈረ ሲሄድ መወፈሩ ራሱ ይዘገያል። ውፍረቱ ሁለት እጥፍ እንዲሆን ጊዜው አራት እጥፍ ይፈልጋል፤ ሦስት እጥፍ እንዲሆን ዘጠኝ እጥፍ።

ምጣድና ጨውም እንደዚሁ ናቸው። የቀለጠው ጨው ከታች ነው፤ ሙቀቱን የሚወስደው ምጣድ ከላይ ነው። መጀመሪያ የሚረጋው ምጣዱን የነካው ጨው ነው። የረጋ ናይትሬት ደግሞ ሙቀት በማስተላለፍ ረገድ እጅግ ሰነፍ ነው፤ በሒሳባችን 0.5 ዋት በሜትር በዲግሪ ይዘንለታል። ምጣዱን 58 ሳንቲ ሜትር ስፋት ሰጠነው፤ የታችኛው ፊቱ ከ190 ዲግሪ እንዳይወርድ ወሰንን፤ ጨዉ በ220 ይረጋል አልን፤ እንግዲህ የሚገፋው ልዩነት 30 ዲግሪ ነው። ከዚያ ሽቴፋንን ጠየቅነው።

የመጀመሪያው እንጀራ በ5 ደቂቃ ይወጣል። ጥሩ ነው፤ ትንሽ ቢዘገይም ይታገሡታል። ሁለተኛው የሚወጣው ግን ከተጀመረ በ20ኛው ደቂቃ ነው። ሦስተኛው በ45ኛው። ለእንጀራው ቁጥር ራሱን አባዝታችሁ በ5 ደቂቃ ምቱት፤ ሕጉ ይህ ነው። ሠላሳኛው እንጀራ የሚወጣው በ4,500 ደቂቃ፣ ማለት በ75 ሰዓት ነው። ሦስት ቀን ከሦስት ሰዓት! 105 ኪሎው ጨው በሙሉ ሙቀት ይዞ ከታች ተቀምጧል፤ ባለቤቲቱ ግን ሊጧ ኮምጥጦ ኮምጥጦ ሆምጣጤ እስኪሆን ትጠብቃለች።

በእናቶቻችን ምጣድ የመጀመሪያው እንጀራ የምጣድ ማሟሻ ነው፤ ቢበላሽ ማንም አያዝንም፤ ምጣዱ እየቆየ ይሻላልና። የጨዉ ምጣድ በተቃራኒው ነው። የመጀመሪያው ያምራል፣ እየቆየ ይብሳል። ስለዚህ አንድ ሰው አንድ እንጀራ ጋግሮ አሳይቶ «ይኸው ሠራ» ቢላችሁ አታጨብጭቡ፤ ዐሥረኛውን አሳየን በሉት።

የሽቴፋን ሒሳብ ለቀላል ቅርጽ ብቻ ይሠራል። ለቀረው ሌላ ዘዴ ተጠቀምን፤ እርሱም ጨዉን በሐሳብ ወደ ብዙ ስስ ንጣፎች ከፋፍሎ ለያንዳንዱ ንጣፍ የገቢና የወጪ መዝገብ መያዝ ነው። መዝገቡ የሚጽፈው ዲግሪ አይደለም፤ ዲግሪው በሚረጋበት ጊዜ አይነቃነቅምና ምንም አይነግረንም። የሚጻፈው በንጣፉ ውስጥ ያለው ጠቅላላ ሙቀት ነው። ከጎረቤት ንጣፍ የገባው ይደመራል፣ ወደ ጎረቤት የወጣው ይቀነሳል፤ የቀረው ሲታይ ንጣፉ ቀልጧል፣ ረግቷል፣ ወይስ ገና በመካከል ነው የሚለው ይታወቃል። የሱቅ ሒሳብ የሚይዝ ልጅ በአንድ ቀን የሚማረው ነገር ነው፤ ኮምፒዩተሩ የሚያስፈልገው ድምሩ ብዙ ስለ ሆነ ብቻ ነው። ይህን ዘዴ በቀላሉ ቅርጽ ላይ ስንፈትነው ከሽቴፋን መልስ ጋር ተስማማ፤ ስለዚህ አመንነው።

መድኃኒቱም ከዚሁ መዝገብ ወጣ። ጨው ሰነፍ ከሆነ ጎበዝ አጋዥ ይሰጠው። አሉሚኒየም ሙቀት በማስተላለፍ ከረጋው ጨው 400 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ከምጣዱ የታችኛው ፊት ጋር የተበየዱ፣ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው የአሉሚኒየም ክንፎች በየ2 ሳንቲ ሜትሩ ወደ ጨዉ ውስጥ እንዲወርዱ አደረግን፤ የመኪና ራዲያተር ያየ ሰው ቅርጹን ያውቀዋል። አሁን የትኛውም የጨው ቅንጣት ከክንፍ ከ1 ሳንቲ ሜትር አይርቅም፤ ሙቀቱ ወደ ክንፉ ይሻገርና በክንፉ ላይ ይወጣል። ክንፎቹ የያዙት ከሣጥኑ ከዐሥር አንድ እጅ ብቻ ነው። ሣጥኑ ወደ 23 ሳንቲ ሜትር ይጠልቃል፤ አሉሚኒየሙ 16 ኪሎ ይመዝናል። 75 ሰዓት የነበረው ወደ 2 ሰዓት ወረደ። በማገዶ 30 እንጀራ ለመጋገርም ከዚህ ብዙ ያነሰ ጊዜ አይበቃም። ጨዉን አልጨመርንም፤ ፀሐዩንም አልጨመርንም፤ ለሙቀቱ መንገድ ብቻ ሠራንለት።

እንግዲህ ከቀላጭ ጨው ጋር የሚሠራ ሰው ገንዘቡን የሚያፈስሰው በጨዉ ላይ ሳይሆን በመንገዱ ላይ ይሁን እንላለን። 16 ኪሎ አሉሚኒየም ለአንድ የገጠር ቤት ቀላል ዕዳ አይደለም፤ አሮጌ ድስትና ብረት ድስት አቅልጦ ክንፍ ማውጣት ለአንጥረኞቻችን የማይቻል ሥራ ግን አይመስለንም።

ሒሳቡ ሌላም ደስ የማያሰኝ ነገር ነገረን። ሸክላው ምጣድ ራሱ ግርዶሽ ነው። 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ሸክላ ውስጥ የሚያስፈልገንን ሙቀት በዚያ ፍጥነት ለማሳለፍ፣ የሸክላውን አስተላላፊነት 0.8 ብለን ብንይዝለት፣ ከላይና ከታች ፊቱ መካከል ወደ 185 ዲግሪ ልዩነት ይፈልጋል። የእንጨት ነበልባል ብዙ መቶ ዲግሪ ስለ ሆነ ለርሱ ችግር የለውም፤ 220 ዲግሪ ያለው ጨው ግን ሊጡን ለብ ከማድረግ አያልፍም። ስለዚህ በሒሳባችን ውስጥ ያለው ምጣድ ስስ የብረት ምጣድ ነው። ይህን ለውጫሌ እናቶች ስንነግራቸው የሰጡን መልስ አጭር ነበር፤ «ልጆቼ፣ ብረት ላይ ሊጡ ይይዛል፤ ዓይኑም እንደ ሸክላው አይሆንም» አሉን። ጎመን ዘር ፈጭቶ ምጣድ ማሰስ የለመደች እጅ የምትለውን ኮምፒዩተር አይሽርም። የምጣዱ ፊት ጉዳይ የሸክላ ሠሪዎቻችንን ጥበብ የሚጠይቅ ገና ያልተዘጋ ጥያቄ ሆኖ ይቆየን።

ሞዴላችን ያልያዛቸውን ነገሮችም ልንሰውራችሁ አንፈልግም። አክንባሎ በተከፈተ ቁጥር ከምጣዱ ፊት የሚጠፋውን ሙቀት በደፈናው ነው የገመትነው። ጨው ሲረጋ ይኰማተራል፤ ከክንፉ ቢላቀቅ በመካከል ስስ የአየር ክፍተት ይፈጠራል፤ አየር ደግሞ ከጨውም የባሰ ሰነፍ ነው። ይህ በወረቀት አይፈታም፤ ተሠርቶ መታየት አለበት።

ከሁሉ የሚያሳስበን ግን የደኅንነት ነገር ነው። ፖታሲየም ናይትሬት ባሩድ ከሚሠራባቸው ነገሮች አንዱ ነው። ለብቻው አይነድም፤ ነገር ግን የጋለው ጨው ከከሰል፣ ከዱቄት ወይም ከዘይት ጋር ቢገናኝ እሳቱን እጅግ ያበረታዋል። ጓዳ ማለት ደግሞ ከሰል፣ ዱቄትና ዘይት ማለት ነው። ሣጥኑ በመልካም ብየዳ ካልተዘጋ በስተቀር ወደ ማንም ቤት መግባት የለበትም። የእንፋሎቱ ነገርም እንዲሁ ነው። 250 ዲግሪ የደረሰ እንፋሎት ግፊቱ ከአየር ግፊት 40 ጊዜ ይበልጣል፤ ይህን በላቦራቶሪ የሚጠብቁት የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው፤ ሕፃናት በሚሯሯጡበት ግቢ ማኖር ሌላ ነገር ነው።

አሁን ከመካከላችሁ አንዱ ተነሥቶ «ታላቁ የኅዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ እያለ እናንተ ስለ መስተዋትና ስለ ጨው ታወራላችሁ» እንደሚለን እናውቃለን። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ እኛም ራሳችንን ስንጠይቅ ነው የሰነበትነው። የደረስንበትም ሐሳብ ስንጀምር ከነበረን የተለየ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሠራ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። አንድ መንደር ምሽት ላይ በአንድነት ምጣድ ቢጥድ መስመሩና ትራንስፎርመሩ ይጨነቃሉ፤ መብራቱ ሲፈዝ ያላየ ከመካከላችን ማን አለ? ነገር ግን ጨው ያለበት ሣጥን ሙቀቱን የሚጠይቀው ቀስ ብሎ ነው። ለ30 እንጀራ የሚባክነውን ሁሉ ጨምረን 20,000 ኪሎ ጁል ብንይዝ፣ ማለት 5.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢሆን፣ ሰው በተኛበት በ8 ሰዓት ሌሊት ለመሙላት 0.7 ኪሎ ዋት ብቻ ይበቃል። ይህ የአንድ ምጣድ አምስተኛ እጅ ነው። አንድ ምጣድ በሚሸከም መስመር አምስት ቤት ጨዉን ያቀልጣል፤ ማለዳ ሁሉም በፈለገው ሰዓት ይጋግራል። ባለ ከፍተኛ ግፊት እንፋሎት የለም፤ 3 ካሬ ሜትር መስተዋት ቀኑን ሙሉ ወደ ፀሐይ ማዞርም የለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ አለ። ጎድጓዳው መስተዋት የሚሰበስበው ቀጥታ የሚመጣውን ጨረር ብቻ ስለ ሆነ፣ የአምባሰል ደመና ሲጋርደው የሚሰበስበው ነገር የለውም፤ እንጀራ ደግሞ ክረምት ስለ ሆነ አይቀርም።

ስለዚህ መብራት በገባበት በውጫሌ ከተማ፣ በኛ ግምት፣ ጨዉ መጀመሪያ መሞከር ያለበት ከኤሌክትሪክ ጋር ተጣምሮ ነው። መስተዋቱ መስመር ላልደረሰበት ገጠር ይቆይ፤ እዚያም ለበጋ ብቻ እንጂ ለዓመት ሙሉ አይሆንም፤ ለክረምቱ የተሻሻለ የማገዶ ምድጃ አብሮት መኖር አለበት። ይህን ማለታችን ፀሐይን የሚወዱትን ጓደኞቻችንን ቅር እንደሚያሰኝ እናውቃለን። በነገሩ ላይ ከጥያቄው ሰዓት ጀምሮ ለመከራከር ዝግጁ ነን።

ለሚቀጥለው መንፈቀ ዓመት ያሰብነው ሥራ ትንሽ ነው። 5 ኪሎ ጨው የሚይዝ፣ አራት ክንፍ ያለው፣ በደንብ የተበየደ ሣጥን በዎርክሾፕ ሠርተን፣ መልሰን መላልሰን ማቅለጥና ማርጋት፤ ከክንፍ መላቀቅ አለመላቀቁን ማየት፤ የሒሳቡ መዝገብና የቴርሞሜትሩ ንባብ መስማማታቸውን መለካት። ከእናንተ የምንለምነው ደግሞ ይህ ነው። ለዕረፍት ወደየአገራችሁ ስትሄዱ ሚዛን ይዛችሁ ሂዱ። እናቶቻችሁ ሲጋግሩ የአንድ እንጀራ ሊጥ ስንት ግራም እንደሆነ፣ ከምጣድ ሲወጣ ስንት እንደሚመዝን፣ በአንድ ጊዜ ስንት እንደሚጋግሩና በስንት ደቂቃ እንደሚያወጡ ጽፋችሁ አምጡልን። በጎንደር፣ በጎጃምና በሸዋ ያለው ምጣድ ከአምባሰሉ ሊለይ ይችላል፤ እኛ የያዝነው 450 ግራም የአንድ አካባቢ ግምት ነው። ወረቀቱን ለማኅበሩ ጸሐፊ ብትሰጡት ይደርሰናል።